የአበበ ሰዓት፣ የትዕግሥት ጫማ

የደባርቅ የጧት ብርድ ጋቢ አልፎ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ከእሷ ወዲያ መንገዱ ጥቂት ይሄድና በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይጠማዘዛል። በዚያ ብርድ አንድ ግቢ በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንዱ ወደ አርባ ዓመት ስፖርት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሌላዋ የዳባት ልጅ ናት፤ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ጧት ጧት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ሮጣ ትመለሳለች። መምህሩ ስቶፕ ዎች ይዘው በራቸው ላይ ይጠብቋታል። ክፍያ የለውም፤ ዝምድናም የላቸውም። የተባባሉትን በማስታወሻዬ እንደያዝኩት አቀርበዋለሁ።

መምህሩ፦ ካለፈው ሳምንት ተሻሽለሻል። ብቻ መጨረሻዋ ዳገት ላይ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይወጣል። ትከሻ ከተነሣ ትንፋሽ ያጥራል። የአበበ ቢቂላን ፊልም እይ ያልኩሽ ስንት ጊዜዬ ነው? አናቱ ላይ እንስራ ሙሉ ውኃ ቢያስቀምጡበት ጠብ አይልም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ሁልጊዜ የሚያነሡልኝ አበበን ነው። በሰዓት ከሄድን ግን ዛሬ ትዕግሥት አሰፋ ትቀድመዋለች።

መምህሩ፦ ማንን?

ተማሪዋ፦ አበበን። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የገባው በ2፡12፡11 ነው። ያን ጊዜ በዓለም ከዚያ ፈጥኖ ማራቶን የሮጠ ሰው አልነበረም። ትዕግሥት መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2፡11፡53 ገባች። የ18 ሰከንድ ልዩነት ነው። በዚያ ፍጥነት ወደ መቶ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እሷ ጨርሳ ስትቆም እሱ ገና እየመጣ ነው።

መምህሩ፦ ቀጥይ። ገና አልጨረሽም፤ ከዓይንሽ ያስታውቃል።

ተማሪዋ፦ አልጨረስኩም። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ ማራቶን ሮጦ 39ኛ ወጣ። የገባበት ሰዓት 2፡12፡24 ነው። አበበ የቶኪዮ ሰዓቱን ይዞ ፓሪስ ቢመጣ ቀነኒሳን የሚቀድመው በ13 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ወርቁን ያመጣው ታምራት ቶላ ደግሞ በ2፡06፡26 ነው የገባው። የያኔው አንደኛ ከዛሬው 39ኛ እኩል ሆነ እኮ ጋሼ።

(መምህሩ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከፔርሙሱ ቡና ቀዱላት። ላቧ እንዳይበርድባትም ጋቢያቸውን አውልቀው ጣል አደረጉባት።)

መምህሩ፦ መጀመሪያ ቀነኒሳን 39ኛ ብለሽ አትለፊው። ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26፡17.53 የሮጠ ሰው ነው። ያ ሰዓት 15 ዓመት ማንም ሳይነካው ቆየ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ ቫሌንሲያ ላይ በ26፡11.00 ሰበረው። እንዴት እንደሰበረው ታውቂያለሽ?

ተማሪዋ፦ መብራቱን ነው የሚሉኝ?

መምህሩ፦ መብራቱን ነው። በመሙ ጠርዝ ዙሪያ የተደረደሩ አምፖሎች ክብረ ወሰኑ በሚጠይቀው ፍጥነት እየተከታተሉ ይበራሉ፤ ሯጩ መብራቱን ካልለቀቀ ሰዓቱ አይዛነፍበትም። በዚያ ላይ የስፓይክ ጫማው ራሱ ሌላ ሆኗል። ይህ ሁሉ ተጨምሮ የተገኘው ስድስት ሰከንድ ተኩል ነው። ለ25 ዙር አካፍይው፤ በዙር ሩብ ሰከንድ ይደርስሻል። ቀነኒሳ መብራት አልነበረውም። አሯሯጮቹ ከወጡ በኋላ የነበረው የራሱ እግርና የራሱ ቆጠራ ነው። ታዲያ ሰዓት ብቻውን ምን ይነግርሻል? ስንት እንደፈጀ ይነግርሻል እንጂ በምን እንደሮጠ አይነግርሽም።

ተማሪዋ፦ በምን እናወዳድር እንግዲያ?

መምህሩ፦ ሰውን ከዘመኑ ሰው ጋር አስተያዪው። አበበ ቶኪዮ ላይ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ አርባ ቀን ሳይሞላው ነው። የአራስ ጊዜ ነው ያ! ገብቶ ሣሩ ላይ እንቅስቃሴ እየሠራ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሁለተኛው ገና ስታዲየም አልደረሰም ነበር። እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ በ2፡16፡19 ነው የገባው። አራት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ በመሃላቸው አለ። አበበ ከዘመኑ ምን ያህል ርቆ እንደነበር በዚህ ለኪው።

ተማሪዋ፦ በዚህ ልኬት እንሂድ?

መምህሩ፦ እንሂድ።

ተማሪዋ፦ በርሊን ላይ ከትዕግሥት ቀጥላ የገባችው ኬንያዊቷ ሺላ ቼፕኪሩይ በ2፡17፡49 ነው የጨረሰችው። ልዩነቱ አምስት ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ነው፤ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የብሪጂድ ኮስጌይ 2፡14፡04 ነበር፤ ትዕግሥት በአንድ ቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀነሰችለት። ራስዎ በሰጡኝ ልኬትም ትዕግሥት አበበን በለጠችው።

(እዚህ ላይ መምህሩ ዝም አሉ። ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ተማሪ ሲያሸንፋቸው ደስ የሚላቸው መምህር እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።)

መምህሩ፦ ጥሩ ይዘሽኛል። ግን ከፊቷ ወንዶች እየሮጡላት ነበር። በርሊን ወንድና ሴት አብሮ ነው የሚሮጠው፤ ነፋሱን የሚቀበልላት፣ ፍጥነቱን የሚጠብቅላት ሰው ነበራት። ጫማውም አለ። ገብታ ስትጨርስ አውልቃ ወደ ላይ ያነሣችውን ጫማ አይቻለሁ።

ተማሪዋ፦ አዲዳስ ያን ሰሞን ያወጣው ነው። አንዱ እግር 138 ግራም ነው የሚመዝነው።

መምህሩ፦ የአበሻ ዶሮ ሦስት እንቁላል ማለት ነው።

ተማሪዋ፦ አዎ፣ ከዚያ አይበልጥም። ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ሲረግጡት ይታመቅና መልሶ ይገፋል፤ በመሃሉ ከካርቦን የተሠራ ጠንካራ ነገር አለ፤ ጣት በየእርምጃው እየታጠፈ ጉልበት እንዳያባክን ያደርጋል። እንዲህ ዓይነቱ ጫማ ገበያ ላይ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በላቦራቶሪ ሲለካ ከሌላው ጫማ 4 በመቶ ያህል ጉልበት ይቆጥባል ተባለ። በኋላ የዓለም አትሌቲክስ ገደብ አወጣለት፤ ለጎዳና ሩጫ የሶሉ ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ጠንካራውም ነገር ከአንድ አይበልጥም አለ። እሱ ሁሉ ልክ ነው ጋሼ። ግን ጫማው ሮጦ አያውቅም። ትዕግሥትን እኮ ሰው የሚያውቃት በ800 ሜትር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ የሮጠችው 800 ነው። ከዚያ እግሯን ታመመች፤ ብዙ ጊዜ ጠፋች። የካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2፡34፡01 ጨረሰች፤ ማንም ልብ አላላትም። ሰባት ወር ሳይሞላት በርሊን ላይ 2፡15፡37 ሮጠች። በዓመቱ ያን ክብረ ወሰን አመጣች። ይህን ጫማ ነው የሠራው ብሎ መናገር ልጅቱ በየጫካው ያፈሰሰችውን ላብ መካድ ነው።

መምህሩ፦ አልክድም። የዛሬዎቹን አትውደድ ያለኝም የለም። ታምራት ቶላ ፓሪስ የሄደው ተጠባባቂ ሆኖ ነው፤ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተካ፤ በዚያ ዳገት ቁልቁለት የኦሎምፒኩን ክብረ ወሰን ሰበረ። ስመለከተው አልቅሻለሁ። የድሮዎቹም ሁሉ ነገር ሙሉ አልነበረም። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ክረምት ሞስኮ ላይ 5,000ንም 10,000ንም ሲያሸንፍ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ ሬዲዮ ከበን ማርሹን ሲቀይር ጮኸናል። ግን ኬንያ በዚያ ኦሎምፒክ አልነበረችም። ይህን መደበቅ ውሸት ነው። አበበን ግን ተይልኝ። አበበን በሰከንድ አትመዝኚብኝ።

ተማሪዋ፦ ለምን? እሱ ምን የተለየ አለው?

መምህሩ፦ ያ የምትሮጪበት መንገድ፣ ሊማሊሞን የሚወርደው፣ ማን እንደጠረገው ታውቂያለሽ?

ተማሪዋ፦ ጣሊያን።

መምህሩ፦ ጣሊያን ነው፤ በወረራው ጊዜ። በዚያው ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ የአክሱምን ሐውልት ሮማ ወሰደው። ከ23 ዓመት በኋላ ሮማ ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ የማራቶኑ መንገድ በዚያ ሐውልት ሥር ያልፍ ነበር። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። ጫማ ቢሞክር አልተመቸውም፤ እንደለመደው ባዶ እግሩን ሊሮጥ ቆረጠ። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ናቸው። መንገዱን አስቀድመው አይተውት ነበር፤ ሐውልቱ ጋ ስትደርስ ውጣ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ሩቅ አይደለም ተባብለዋል። ሩጫው የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነው። ጨለመ። ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩላቸዋል። ጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ በባዶ እግር ድንጋይ ላይ መሮጥ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ከአጠገቡ የቀረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነበር። ሐውልቱ ሥር ሲደርስ አበበ ወጣ። በ25 ሰከንድ ቀድሞ በቆንስታንጢኖስ ቅስት ሥር በ2፡15፡16 ገባ።

ተማሪዋ፦ ይህን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል።

መምህሩ፦ ቀኑን ነግሬሻለሁ?

ተማሪዋ፦ አልነገሩኝም።

መምህሩ፦ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እዚህ ሰው ችቦ ሲያበራ እሱ እዚያ በችቦ ብርሃን ይሮጥ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሟል። በዚህ በሊማሊሞ ወርደሽ በሽሬ በኩል አክሱም ትደርሻለሽ፤ ሄደሽ እይው። ታዲያ ይህን ሰው በ18 ሰከንድ ተበለጠ ስትይኝ ሆዴ ይባባል።

ተማሪዋ፦ ለእኔም ሆዴን ያባባዋል፤ አይምሰልዎት። ግን ይህ ታሪክ ነው፤ ሩጫ አይደለም።

መምህሩ፦ ሩጫ ከታሪኩ ሲለይ የሚቀረው ቁጥር ነው።

ተማሪዋ፦ እኔን የሚመርጡኝ በቁጥሩ ነዋ! ጋሼ፣ ለማጣሪያ የሄድኩ ጊዜ እንዴት እንደተመለስኩ ያውቃሉ አይደል? ባዶ እግሯን ነው ያደገችው፣ መንገዷ ዳገት ነው፣ ያለችው ተራራ ላይ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። 10 ኪሎ ሜትር ሮጥን። ከ36 ደቂቃ ጥቂት አለፍኩ። ለመመረጥ 40 ሰከንድ ጎደለኝ። «ሰዓትሽ አይሞላም» ተባልኩ፤ በዚያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መምህሩ፦ አብረውሽ የሮጡት ምን አድርገው ነበር?

ተማሪዋ፦ ከፊቴ ከገቡት ሦስቱ ያንን ጫማ አድርገዋል። ለአንዷ ወንድሟ ከውጭ ልኮላት ነው፤ የሌሎቹን አልጠየቅኩም። ስታርፍ እግሯ ድምፅ የለውም። የእኔ ግን ጧ ጧ ይላል። ሙሉውን መንገድ የራሴን እግር እየሰማሁ ነው የሮጥኩት።

መምህሩ፦ እስቲ አውልቂው።

(አወለቀችው። መምህሩ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት። ብዙ ጫማ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተደርጎ የተጠገነ ግን አላየሁም። ከፊት በኩል የተነሣው ሶል በማስቲሽ ተለጥፎ ሲለቅ እንደገና በናይለን ክር ዙሪያውን ተሰፍቷል። የክሩ ቋጠሮዎች ከውጭ ይታያሉ። ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቶ አልቋል። ውስጡ ያለው ገበር አልቆ ቦታው ላይ ከካርቶን ተቆርጦ የገባ ቁራጭ አለ፤ በላብ ርሶ የእግሯን ቅርጽ ይዟል። ዳባት ያለ ጫማ ሰፊ ነው የሰፋላት። ሁለት ጊዜ አስከፍሏት ሦስተኛውን በነፃ ሠራላት።)

መምህሩ፦ አንቺ ልጅ፣ ይህን አድርገሽ ነው የሮጥሽው?

ተማሪዋ፦ ያን ጊዜ ካርቶኑ አልነበረም።

መምህሩ፦ ቆይ። 36 ደቂቃ 2,160 ሰከንድ ነው። 4 በመቶ ያልሽው የጉልበት ቁጠባ ነው፤ ወደ ሰዓት ሲመነዘር ያንሳል። ግማሹን ብቻ እንያዝ፤ 2 በመቶ። 43 ሰከንድ ይመጣል።

ተማሪዋ፦ 40 ነበር የጎደለኝ።

መምህሩ፦ 40 ነበር የጎደለሽ።

(ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። በመንገዱ ላይ አንድ አይሱዙ ወደ ዳባት አቅጣጫ አለፈ። መምህሩ ጫማውን መሬት አላስቀመጡትም።)

መምህሩ፦ አየሽ፣ ለአበበ ባዶ እግሩን ስቆጥርለት ኖርኩ። ድንጋዩን፣ ጨለማውን፣ የተቀደደ ሆዱን ሁሉ ቆጠርኩለት። አንቺ ግን በየቀኑ በዚህ በር ስታልፊ ይህን ስቶፕ ዎች ብቻ ነው ያየሁት። እግርሽን አላየሁም።

ተማሪዋ፦ እርስዎ ምን አደረጉኝ ጋሼ? የሚጠብቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።

መምህሩ፦ አይ፣ ተይኝ ልናገረው። ከጃናሞራ ወገን የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ተማሪዬ ነበር። ከተራራው በባዶ እግሩ ወርዶ ይማራል፤ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ በእግሩ ይመለሳል። የትምህርት ቤቶች ውድድር ደረሰና ስድስት ልጅ መምረጥ ነበረብኝ። እሱ ሰባተኛ ወጣ። ሰባተኛውን ልጅ ትቼ ስድስቱን ይዤ ሄድኩ። ከስድስቱ አምስቱ የከተማ ልጆች፣ ሸራ ጫማ የነበራቸው ናቸው። ጠጠር ሜዳ ላይ ነው የሮጡት። እሱ ዛሬ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ በቅሎ እየነዳ የእንግዳ ዕቃ ይጭናል። ሳገኘው ቆሞ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ነኝ ዓይኑን የማላየው።

ተማሪዋ፦ ይሮጥ ነበር ማለት ነው? ቢወስዱት ያሸንፍ ነበር?

መምህሩ፦ እሱን አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግኩትም ራሴ ነኝ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልመን። ትዕግሥት አበበን ትቀድመዋለች ያልኩት እልኬን ለመወጣት ነው። ሁልጊዜ እሱን ሲያነሡልኝ እኔ ምንም ብሮጥ የማልበቃ ይመስለኛል። የድሮ ሰው ጀግና ነበር፣ የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቤትም፣ ትምህርት ቤትም።

መምህሩ፦ እኔም ብዬው አውቃለሁ።

ተማሪዋ፦ ብለውት ያውቃሉ።

መምህሩ፦ ሁለተኛ አልለውም። አበበ ነበረ ብለን የምናወራው ሩጫ ዛሬም እዚሁ አለ። ጫማ ያልተመቸው ሯጭ፣ ድንጋይ ላይ የሚሮጥ፣ የወንድም ገንዘብ የሌለው። ሮማን በ1952 ብለን ዘጋነው እንጂ ከዳባት እስከ ደባርቅ በየጧቱ የሚወጡት ልጆች እዚያው ናቸው። ትዕግሥት ያደረገችው ጫማ 500 ዶላር ነው የተሸጠው፤ ለአንድ ውድድር ነው የሚበጀውም አሉ። የጡረታ ብሬን ስንት ወር እንደሚበላ ማስላት ጀምሬ ተውኩት። ስለዚህ የድሮው ይበልጣል ወይስ የዛሬው ብሎ ለሚጠይቀኝ ከአሁን ወዲያ መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ እግራቸው ላይ ምን እንዳለ አሳየኝ እለዋለሁ።

ተማሪዋ፦ ከዚያስ?

መምህሩ፦ ከዚያ ትዕግሥት ትበልጣለች ቢለኝም እሰማዋለሁ። በርሊን ላይ ያየኋት ሌሎቹም ጥሩ ጫማ አድርገው ነው፤ ስድስት ደቂቃው የጫማ ብቻ አይደለም። ይኸው፣ አመንኩልሽ።

(ከኪሳቸው የደብተር ቁራጭ አወጡ። የብዙ ዓመታት የተማሪዎች ሰዓት የተመዘገበበት ነው፤ ስም፣ ቀን፣ ርቀት፣ ደቂቃ። በማስመሪያ አንድ ተጨማሪ መስመር አሰመሩና በአናቱ ላይ «ጫማ» ብለው ጻፉ። ከዚያ የዚያን ጧት ሰዓቷን ከመዘገቡበት ፊት ለፊት ሞሉት፦ «የተሰፋ፤ ውስጡ ካርቶን»።)

እኔ ከደባርቅ ስመለስ መምህሩ አንድ መልእክት አደራ ብለውኛል፤ ቃሉን ሳልለውጥ አደርሳለሁ፦ ማጣሪያ የምታካሂዱ ሰዎች ሰዓት በምትጽፉበት ወረቀት ላይ ልጁ በምን እንደሮጠ የሚጻፍበት አንድ ቦታ ጨምሩ። በአዲስ አበባም በውጭ አገርም የምትሮጡ፣ አንድ ወቅት ተጠቅማችሁበት የጣላችሁት ጫማ ካለ አጥባችሁ ላኩ። የልጅቱ ቁጥር 38 ነው።